ከሰማይ የወደቀችው ጠርሙስና «ፓርት ቱ»ዋ

የፊልም ወዳጆች ተሰብስበው ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ምናልባትም ዋነኛው፣ የተወደደ ፊልም ሁሉ ተከታይ ክፍል ሊሠራለት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። በወንጀልና በጀብዱ ፊልም በኩል መልሱ ብዙ አያስቸግርም። በ1974 የወጣው የ«ጎድፋዘር» ሁለተኛ ክፍል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመጀመሪያው አያንስም፣ እንዲያውም ይበልጣል የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። ኮሜዲ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የሰማነው ቀልድ ተመልሶ ሲመጣ የምንስቀው በቀልዱ ሳይሆን በትዝታው ነው። «ብሉዝ ብራዘርስ» በ1980 ወጥቶ እጅግ ከተወደደ በኋላ ተከታዩ የመጣው በ1998 ነበር፤ ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱን ሆኖ የተጫወተው ጆን ቤሉሺ ግን በ1982 ሞቶ ነበርና ክፍል ሁለት የቀረበው በግማሽ ልቡ ነበር ማለት ይቻላል። የኤዲ መርፊ «ካሚንግ ቱ አሜሪካ»ም ከ1988 እስከ 2021 ድረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት አስጠብቆ ሲመጣ፣ ተመልካቹን ያስደሰተው አዲሱ ነገር ሳይሆን የአሮጌው ፊልም ፊቶች ተመልሰው መታየታቸው ነበር።

ይህ ክርክር አሜሪካኖች «ካልት» ብለው የሚጠሩትን ዓይነት ኮሜዲ ሲነካ ደግሞ ይባስ ይከርራል። እንዲህ ያለው ፊልም ወዳጆቹ አሥርና ሃያ ጊዜ የሚያዩት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቁ እንደገና የሚስቁበት፣ ትዕይንቱን በቃላቸው ለጓደኛ የሚተርኩት ነው። ወዳጅነቱ ወደ አምልኮ ስለሚጠጋ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ታዲያ ክፍል ሁለት ሲሠራ አንድ ሰው ሄዶ የሰፈሩን ታቦት የቀባ ያህል ቅሬታ ይነሣል።

ከአፍሪካ ምድር ተነሥቶ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለ ወዳጅ ያፈራ ኮሜዲ ቢፈለግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው «ዘ ጎድስ መስት ቢ ክሬዚ» ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አማልክቱ ሳያብዱ አልቀሩም» እንደማለት ነው። የዚህ ፊልምና የተከታዮቹ ታሪክ ከሳቅ ያለፈ ነገር ስለያዘ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል።

የፊልሙ ደራሲ፣ አዘጋጅና ዳይሬክተር ጄሚ ኡይስ በ1921 በደቡብ አፍሪካ የተወለደ አፍሪካነር ነበር። በመጀመሪያ የሒሳብ መምህር ሆኖ ሠርቷል፤ ወደ ፊልም ሥራ የገባው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራው ከሚስቱ ጋር ሆኖ በራሱ አቅም ነበር። በ1974 የሠራው የዱር እንስሳት ዘጋቢ ፊልም በውጭ አገር ሳይቀር ስም አስገኘለት፤ የማሩላ ፍሬ በልተው ሰክረው የሚንገዳገዱት ዝሆኖችና ዝንጀሮዎች የሚታዩት በዚያ ፊልም ውስጥ ነው። ይህ ትዕይንት ከዓመት ዓመት ሲያስቅ ቢኖርም፣ በ2006 ሳይንቲስቶች አስልተው እንዳሳዩት ዝሆንን የሚያክል ፍጡር በዛፍ ሥር በወደቀ ማሩላ ይሰክራል ማለት ዘበት ነው። የኡይስ ጥበብ ከመጀመሪያውም ይኸው ነበር፤ የተፈጥሮ እውነት አስመስሎ ቀልድ ማቅረብ። ይህ ጥበብ በእንስሳት ላይ ሲሆን ጉዳት የለውም። በሰው ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል።

በ1980 የወጣው ፊልም የሚጀምረው በካላሃሪ በረሃ ነው። በትንሽ አውሮፕላን የሚያልፍ አብራሪ ጠጥቶ የጨረሳትን የኮካ ኮላ ጠርሙስ በመስኮት ይጥላታል። ጠርሙሷ ሳትሰበር አሸዋው ላይ ታርፋለች። «ቡሽማን» እየተባሉ የሚጠሩት የሳን ሕዝብ ቤተሰቦች ያገኟትና የአማልክት ስጦታ ናት ብለው ይቀበሏታል፤ ቆዳ ያለሰልሱባታል፣ ሥር ይወቅጡባታል፣ ይነፉባታል። ነገር ግን አንዲት ብቻ ናትና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈልጋታል። ቅናት፣ ጠብ፣ በመጨረሻም ድብደባ ይመጣል። ዚ የተባለው ሰው ይህን ክፉ ነገር ወስዶ ከምድር ዳር ሊወረውራት ይነሣል። በመንገዱ ላይ ሴት ፊት ሲቆም እጁና እግሩ የሚተሳሰርበት የዝሆን ፋንድያ የሚያጠና ሳይንቲስት፣ ከከተማ የመጣች አስተማሪ፣ ፍሬን የሌለው አሮጌ ላንድሮቨር፣ መንግሥት ሊገለብጥ ሞክሮ የሸሸ የሽምቅ ተዋጊዎች ቡድን ይገጥሙታል።

ፊልሙ ለምን እንደሚያስቅ ለመረዳት ላንድሮቨሩን ብቻ ማየት ይበቃል። መኪናዋ ከቆመች አትነሣም፤ ከተነሣች አትቆምም። ሳይንቲስቱ ወርዶ በር ሲከፍት መኪናዋ ወደኋላ ትንሸራተታለች፤ ድንጋይ ከጎማው ሥር ሊያስገባ ሲሮጥ በሩ ይዘጋል። በአንዱ ትዕይንት ደግሞ የራሷ መጎተቻ ገመድ ጎትቶ ዛፍ ላይ ይሰቅላታል። ኡይስ የሰዎቹን እንቅስቃሴ አፍጥኖ በማሳየቱ ነገሩ ሁሉ የቻርሊ ቻፕሊንንና የበስተር ኪተንን ድምፅ አልባ ፊልሞች ይመስላል። እንግሊዝኛ ያልገባው ሰውም ሳቁ አያመልጠውም። በቪዲዮ ካሴት ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች የቪዲዮ ቤት ተመልካች የወደዳቸው ፊልሞች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት፣ ዓይን ብቻውን የሚከተላቸው ነበሩ፤ የሕንድ ዘፈን፣ የሆንግ ኮንግ ካራቴና የአካል ኮሜዲ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዚ ሲናገር የሚለው ነገር በጽሑፍ አይተረጎምም፤ ከጀርባ ሆኖ በእንግሊዝኛ የሚተርክ ድምፅ ነው እርሱ ያሰበውን የሚነግረን። በዩጋንዳ የቪዲዮ አዳራሾች «ቪጄ» የሚባሉት ተርጓሚዎች ፊልሞችን በሉጋንዳ እየተረኩ፣ የራሳቸውንም ቀልድ እየጨመሩ ያሳዩ ነበር፤ እንዲህ ባለ አዳራሽ የሚታይ ፊልም ቢሆን በተርጓሚ ላይ ተርጓሚ ይጨመርበታል ማለት ነው። ዋናው ተናጋሪ ግን አንድ ቀን እንኳ በራሱ አፍ ተሰምቶ አያውቅም።

የዚህ ሰው እውነተኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ ትእምርተ አንክሮ ይገባበታል። ምልክቱ አድናቆትን አይደለም የሚያመለክተው፤ ምላስን ከላንቃ በኃይል በማላቀቅ የሚወጣ የጠቅታ ድምፅ ነው። የግእዝ ፊደል ለዚህ ድምፅ የሚሆን ሆሄ የለውም፤ ስለዚህ እንደ ጃፓኖቹ «ኒካው» ብሎ ከመጻፍ በቀር ምርጫ የለም። በነገራችን ላይ የጠቅታ ድምፅ የደቡብ አፍሪካ ብቻ አይደለም፤ በታንዛኒያ ሐድዛና ሳንዳዌ፣ በኬንያ የባሕር ዳርቻ ደግሞ የኩሽ ቤተሰብ የሆነው የዳሃሎ ቋንቋ ይጠቀሙበታል። ከእኛ የራቀ የሚመስለው ድምፅ እስከዚህ ድረስ የቀረበ ነው።

ፊልሙ በደቡብ አፍሪካ ከታየ በኋላ በጃፓን ታላቅ ተወዳጅነት አገኘ፤ ኒካው እዚያ በስሙ የሚታወቅ ሰው ሆነ። በአሜሪካ በ1984 ሲወጣ መጀመሪያ በጥቂት አዳራሾች ብቻ ነበር፤ ሰው ለሰው እየነገረ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሳይወርድ የቆየባቸው አዳራሾች ተገኙ። በአሜሪካ ብቻ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ፤ በዚያን ጊዜ ከውጭ አገር ገብተው ከታዩ ፊልሞች ሁሉ ይህን ያህል ያስገባ አልነበረም። ማስታወቂያ ሳይሆን ወሬ ያሳደገው፣ ወዳጆቹ ደጋግመው የሚያዩት ፊልም ስለነበር የካልት ኮሜዲን ትርጉም በሙሉ ያሟላ ነበር።

ነገር ግን 1980 እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር መርሳት አይገባም። የሶዌቶ ተማሪዎች ከተገደሉ አራት ዓመት ሆኖታል። ዚምባብዌ በሚያዝያ ወር ነፃ ወጥታለች። በናሚቢያ ስዋፖ ከ1966 ጀምሮ በትጥቅ ይዋጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዓመት መጨረሻ አባል አገሮች ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጋር ያላቸውን የባህል ግንኙነት እንዲያቋርጡ ጠይቋል። ፊልሙ በውጭ አገር ሲሸጥ የቦትስዋና ሥራ ተብሎ መቅረቡ ከዚህ ማዕቀብ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ታሪኩ በቦትስዋና ይሁን እንጂ የበረሃው ክፍል የተቀረጸው በአብዛኛው በዚያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ በምትገዛት ናሚቢያ ነበር፤ ዚ ጠርሙሷን የሚወረውርባት «የምድር ዳር»ም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለ «የእግዚአብሔር መስኮት» የተባለ ገደል ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የሽምቅ ተዋጊዎቹ ክፍል ጣዕሙ ይለወጣል። ተዋጊዎቹ ሙዝ ተክል ውስጥ ተኝተው ካርታ የሚጫወቱ፣ መሣሪያቸውን በአግባቡ መያዝ የማይችሉ፣ ከሌላ አገር በመጣ መሪ የሚነዱ ሰነፎች ሆነው ቀርበዋል። በዚያን ጊዜ በደቡባዊ አፍሪካ ለነፃነት የሚዋጋ ሁሉ በፕሪቶሪያ መንግሥት አፍ የሚባለው ይኸው ነበር፤ ጥቁሩ በራሱ ደስተኛ ነው፣ ችግር የሚያመጣው ከውጭ የገባ ቀስቃሽ ነው። ኡይስ ፊልሙ ፖለቲካ እንደሌለው ይናገር ነበር፤ ምናልባትም ከልቡ ያምን ይሆናል። ይሁን እንጂ በአፓርታይድ አገር የተሠራ፣ ነጭና ጥቁር የሚታዩበት፣ የመለያያ ሕጉ ግን አንድ ጊዜ እንኳ የማይነሣበት ፊልም ዝም በማለቱ ብቻ ብዙ ተናግሯል። የኒው ዮርክ ሃያስያንም ይህን ከመጀመሪያው አንሥተውታል።

ይበልጥ ከባዱ ክስ ግን የመጣው ከፊልም ሃያስያን ሳይሆን ሰዎቹን በቅርብ ከሚያውቃቸው ሰው ነበር። አሜሪካዊው ጆን ማርሻል ገና በጉርምስናው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ናሚቢያ ሄዶ የጁሆንሲን ሕይወት መቅረጽ ጀመረ፤ ቋንቋቸውንም ለመደ። በ1957 ያወጣው «አዳኞቹ» የተባለው ፊልም ቀጭኔ የሚያሳድዱ አራት ሰዎችን ያሳያል። እርሱ ራሱ በኋላ እንዳስተዋለው ይህ ፊልም ጁሆንሲን ከጊዜ ውጭ የሚኖሩ ንጹሕ አዳኞች አድርጎ በማቅረብ ለኋለኛው ተረት በር ከፍቷል። በ1980 ያወጣው ሌላው ሥራው ግን ንአይ የተባለች ሴትን ሕይወት ከልጅነቷ ጀምሮ የሚከተል ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ቹምክዌ የተባለችው ሰፈራ ትታያለች፤ መሬታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች የዱቄት እርዳታ ይጠብቃሉ፣ ይሰክራሉ፣ ይጣላሉ፣ በሳንባ ነቀርሳ ይታመማሉ፤ የደቡብ አፍሪካ ጦርም ለጦርነቱ ወጣቶችን ይመለምላል። በዚሁ መካከል አንድ የፊልም ቡድን መጥቶ በቆዳ የተሸፈኑ ደስተኛ ቡሽማኖችን ሲቀርጽ ይታያል። ያ ቡድን የጄሚ ኡይስ ነው። ሁለቱ ፊልሞች፣ አንደኛው ሌላኛውን በካሜራው ውስጥ ይዞ፣ በአንድ ዓመት ወጡ። በፊልም ታሪክ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም።

የኡይስ ተራኪ በፊልሙ መክፈቻ ሰዎቹ በበረሃ ጤዛ ጠጥተው፣ ያለ ባለቤትነት፣ ያለ ጠብ፣ ከዓለም ተነጥለው በደስታ እንደሚኖሩ ይነግረናል። እውነቱ ሌላ ነበር። የደቡብ አፍሪካ አስተዳደር በ1970 «ቡሽማንላንድ» ብሎ የከለለላቸው ምድር ጁሆንሲ ቀድሞ ይኖሩበት ከነበረው እጅግ ያነሰ ነበር። ኒካው ራሱ፣ ኡይስ በየጋዜጣው እንደተረከው ከሥልጣኔ ጋር ያልተዋወቀ የበረሃ ሰው አልነበረም፤ ማርሻልና ሌሎች አጥኚዎች እንደገለጹት በልጅነቱ በሄሬሮዎች ከብት ጥበቃ ላይ ቆይቶ ኋላም ቹምክዌ ውስጥ በትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበር። ይህ ዝርዝር ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን ወጥ ቤት የሚሠራን ሰው ጠርሙስ አይቶ እንደማያውቅ አድርጎ ማጫወት ትወና ነው፤ ኒካውም ተዋናይ ነበር፣ ያውም ጥሩ ተዋናይ። ዓለም ያደነቀው ግን ተዋናይነቱን አልነበረም፤ የራሱን ሕይወት የኖረ መስሎት ነበር። ለሥራው ሊከፈለው የሚገባው ገንዘብና ክብር የጎደለውም ከዚህ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም።

በ1980ዎቹ ውስጥ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሥልጣናት የምሥራቅ ቡሽማንላንድን ወደ ዱር አራዊት ክልል ሊለውጡ ሲያስቡ፣ ሰዎቹ ከብት እንዳያረቡና የጉድጓድ ውኃ እንዳይቆፈርላቸው የሚቀርበው ምክንያት ከፊልሙ መግቢያ ብዙም የማይርቅ ነበር፤ እነርሱ አዳኞች ናቸው፣ እንዲሁ ቢቀሩ ይሻላቸዋል የሚል። ማርሻል ይህን ተቃውሞ ለጉድጓድና ለከብት ገንዘብ በማሰባሰብ ሲታገል ኖረ። በ2002 ባወጣው የረጅም ጊዜ ሥራው መጨረሻ ክፍል ላይ ቃሉን አላለዘበም፤ ተረት ሰው ይገድላል ባይ ነበር። የተወደደ ኮሜዲ ለዚህ ሁሉ ብቻውን ተጠያቂ ነው ማለት ማጋነን ነው፤ መሬቱን የወሰደው ካሜራ አይደለም። ነገር ግን ሚሊዮኖች ስለ አንድ ሕዝብ የሚያውቁት አንድ ፊልም ብቻ በሆነ ጊዜ ያ ፊልም ከሕግ የማይተናነስ ክብደት እንዳለው የታወቀ ነው።

ወደ «ፓርት ቱ» እንመለስ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያስገኘ ፊልም ያለ ተከታይ ሊቀር አይችልምና ክፍል ሁለት በ1989 ወጣ። በዚህኛው የዚ ሁለት ልጆች የአዳኞች የውኃ ቦቴ ላይ ወጥተው ሲጫወቱ መኪናው ይዟቸው ይሄዳል፤ አባት ፈለጉን እየተከተለ ይፈልጋቸዋል። በጎን ደግሞ ከኒው ዮርክ የመጣች የሕግ ሰውና አንድ የእንስሳት አጥኚ ትንሽ አውሮፕላናቸው ተበላሽታ በረሃ ላይ ይቀራሉ። አንድ የኩባ ወታደርና አንድ አፍሪካዊ ወታደር ደግሞ ተራ በተራ እርስ በርስ ይማረካሉ፤ አሁን አንዱ ምርኮኛ ነው፣ ጥቂት ቆይቶ ሌላው።

የፊልም ወዳጆች ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አቃልለው ያልፉታል። ፍርዱ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ልጆቹ የሚታዩባቸው ትዕይንቶች በመጀመሪያው ክፍል የሌለ ርኅራኄ አላቸው፤ በተለይ ትንሹ ልጅ ጅብ ሲቀርበው ከራሱ በላይ እንጨት አንሥቶ ረጅም ለመምሰል የሚቆምበት ቦታ ከሳቅ ይልቅ ጭንቀት ያመጣል። የአጥኚውን ጫማ ነክሶ የማይለቀው ጥርኝ መሰል አውሬ፣ እንግሊዞች «የማር ባጀር» የሚሉት፣ ከላንድሮቨሯ የማያንስ ቀልድ ነው። የጠፋው ጠርሙሷ ናት። የመጀመሪያው ፊልም የተሠራው በአንድ ሐሳብ ላይ ነበር፤ አንዲት ዕቃ ወደ ሰላማዊ ሰዎች መካከል ስትገባ የምታመጣው መከራ። ሐሳቡ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ፊልሙን እንደ ተረት አጽንቶ ይዞታል። ክፍል ሁለት ያለው አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ልጆች መኪና ላይ ወጡ፣ መኪና ሄደ። አጋጣሚ ለአንድ ሰዓት ያስቃል፤ ሲታሰብ ለማደር ግን አይበቃም። በአሜሪካም ያስገባው ከ6 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ የበለጠ ብቻ ነበር፣ የመጀመሪያው አምስተኛ ያህል።

የሁለቱ ወታደሮች ነገር ግን ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ለብቻው የሚታይ ነው። የኩባ ወታደር በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰልፎ ተዋግቷል፤ በአዲስ አበባ በ1984 የቆመው የትግላችን ሐውልትም የኢትዮጵያውያንና የኩባውያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በአንጎላ ደግሞ ኩባውያን ከ1975 ጀምሮ የተዋጉት ከደቡብ አፍሪካ ጦር ጋር ነው፤ በ1987 እና በ1988 በኩዊቶ ኩዋናቫሌ ዙሪያ የተደረገው ውጊያ የአካባቢውን ታሪክ ቀይሯል። እንግዲህ በኡይስ ፊልም ውስጥ የሚንከራተተው ኩባዊ የዚያ ጦርነት ሰው ነው። የሚያስገርመው ነገር፣ ደቡብ አፍሪካዊው ኡይስ ይህን ጠላት እንደ ጭራቅ አላቀረበውም፤ ደክሞት፣ ውኃ ጠምቶት፣ ቤቱን የናፈቀ ሰው ነው፤ ከምርኮኛው ጋር በመጨረሻ የሚለያዩትም በወዳጅነት ነው። ከመጀመሪያው ክፍል የሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ጊዜውም ተለውጦ ነበር፤ አንጎላ፣ ኩባና ደቡብ አፍሪካ በታኅሣሥ 1988 በኒው ዮርክ ተፈራርመዋል፤ ናሚቢያ በመጋቢት 1990 ነፃ ወጥታለች፤ ክፍል ሁለት በአሜሪካ አዳራሾች የታየውም በቀጣዩ ወር ነው።

ለኒካው ደግሞ የሁለቱ ክፍሎች ሚዛን የተገለበጠ ነበር። ሲሞት የወጡት የዜና ዘገባዎች እንዳተቱት ለመጀመሪያው ፊልም የተከፈለው ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ነው። ለሁለተኛው ግን የሥራውን ዋጋ አውቆ ተከራክሯልና በብዙ መቶ ሺህ ዶላር የሚቆጠር እንዳገኘ ተዘግቧል። ከዚያም ገንዘብ ቤቱን በጡብ ሠራ፣ መብራትና ውኃ አስገባ። ፊልም ወዳጁ ተከታይ ክፍል ለስግብግብነት ብቻ ይሠራል ብሎ ሲያማርር ይህንንም አብሮ ቢያስብ አይከፋም፤ ሠራተኛው በመጀመሪያው ያጣውን በሁለተኛው ያገኘበት ጊዜም አለ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የተከታዮች ታሪክ እንግዳ ነው። የሆንግ ኮንግ አዘጋጆች ኒካውን ወስደው በ1991 «ክሬዚ ሳፋሪ»ን ሠሩ። ይህ ፊልም ከኡይስ ጋር የፈጠራ ግንኙነት የለውም፤ የቻይና ተረት ውስጥ ያለ፣ እጁን ዘርግቶ እየዘለለ የሚሄድ ሙት በአውሮፕላን ተጭኖ ሲሄድ አፍሪካ ላይ ይወድቃል። ሙቱን የሚቆጣጠረው ቄስ ሆኖ የተጫወተው በዚህ ዓይነት ፊልም የታወቀው ላም ቺንግ ዪንግ ነው። ከሰማይ የወደቀችው ጠርሙስ አሁን ሬሳ ሆነች ማለት ነው። በ1993 ደግሞ ኒካው ሆንግ ኮንግ ከተማ ውስጥ የሚንከራተትበት ሌላ ፊልም ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም ወደ ቻይና የሚሄድበት። ጥበባዊ ዋጋቸው አነስተኛ ነው፤ የ«ክሬዚ ሳፋሪ» ወዳጆች ግን እስከ ዛሬ አሉ፣ ምክንያቱም ያን ያህል የተዘባረቀ ነገር በዓላማ ሊሠራ ስለማይችል። በደቡብ አፍሪካ በኩል የኡይስን ቀልድ የወረሰው ሊዮን ሹስተር ነው፤ በ2001 የወጣው «ሚስተር ቦንስ» በአፍሪካ አገሮች እጅግ ተወደደ፣ ክፍል ሁለቱም በ2008 ተከተለ። የሹስተር ፊልሞች አንዳንዶቹ ነጩ ተዋናይ ፊቱን ጥቁር ቀብቶ የሚጫወትባቸው በመሆናቸው በ2020 አንድ የደቡብ አፍሪካ የፊልም ማሳያ አገልግሎት ለጊዜው አንሥቷቸዋል።

ጄሚ ኡይስ በጥር 1996 አረፈ። ኒካው ከፊልም ሥራ ከወጣ በኋላ ወደ ናሚቢያ ተመልሶ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ ይዘራ፣ ጥቂት ከብትም ያረባ ነበር። በ2003 ሐምሌ ወር መጀመሪያ፣ እንጨት ሊለቅም እንደወጣ ሳይመለስ ቀርቶ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው በግምት 59 ዓመት ሲሆን፣ የታመመው በሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ መድኃኒት የማይበግረው ዓይነት። ሐምሌ 12 ቀን ቹምክዌ ውስጥ ተቀበረ። የጁሆንሲ ሰዎች ከ1998 ጀምሮ የንያይ ንያይን ምድር በራሳቸው ማኅበር ያስተዳድራሉ። ከድንበሩ ወዲያ፣ ፊልሙ ታሪኬ የተፈጸመባት ናት ባላት በቦትስዋና፣ መንግሥት በ1997 እና በ2002 ከማዕከላዊ ካላሃሪ ያስወጣቸው የሳን ሰዎች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በታኅሣሥ 2006 ዳኞቹ ከሳሾቹ ወደ ምድራቸው የመመለስ መብት አላቸው ሲሉ ፈረዱ።